የአፍደሟ ልጅ ግራ እጅ

የቦክስ ሻምፒዮኗ ረቢዓ ዓይኗን ከተጋጣሚዋ ግራ እጅ ላይ አልነቀለችም። ከአፍደም ከተማ የመጣችው ይህች ልጅ ጂጂጋ ከገባች ጀምሮ ያንን እጇን ከጃኬቷ ኪስ አላወጣችውም ነበር፤ አሁን ደግሞ ፋሻው ከቀኙ ወፍሮ ታየ። "ውስጡ ጠንካራ ነገር ደብቃለች፤ ጓንት ሳታጠልቅ ይፈተሽ" አለች ለዳኛው።

"ራስሽ ፈትተሽ እዪው" አላት።

ጀርባዋን ለሰው ሰጥታ ፈታችው። ብረትም ጀሶም አልነበረበትም። የልጅቷ አውራ ጣት አብጦ ጠቁሯል።

"እህቴ፣ ካዩት አያጋጥሙኝም" አለች ልጅቷ በሹክሹክታ። "ከቤት የወጣሁት ለዚህ ግጥሚያ ብዬ ተጣልቼ ነው።"

ረቢዓ ፋሻውን ቀስ ብላ መልሳ ጠቀለለችላት።

"ምን አገኘሽ?" አለ ዳኛው።

"ምንም።"

እንዲህ ያለችው አዝናላት ይሁን፣ ወይስ ልጅቷ በግራ እንደማትመታት ስላወቀች፣ ለራሷም አልለየላትም።