የእቴቴ ደብሪቱ ፊደል

ልጅቷ የዕለት ማስታወሻዋን ከማንም ሳትደብቅ ነበር የምትጽፈው። አባቷ እራት ላይ «ይኼ ጦርነት የድሃ ልጅ መማገጃ ነው» እያለ መንግሥትን ሲያማ ቃል በቃል ታሰፍረዋለች። ቤቱ ውስጥ ያለችው ሌላ ሰው የአባቷ እህት እቴቴ ደብሪቱ ብቻ ናት። እሷ ደግሞ ማንበብ አትችልም።

የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው ሲታወጅ ያስተማረቻትም ልጅቷ ነበረች። ክረምቱን ሙሉ ብትለፋም እቴቴ ከ«ሀ ሁ» ፈቀቅ አላለችም። «ተይኝ የኔ ልጅ፣ ያረጀ ጭንቅላት አይገባውም» እያለች ታስቃት ነበር።

በጥቅምት አብዮት ጠባቂዎች መጥተው አባቷን ወሰዱት። ሌላ ዕቃ ሳይነኩ ደብተሯን ብቻ ከመደርደሪያው አንስተው ሄዱ።

ቅዳሜ ነዋሪው ቀበሌ አዳራሽ ተሰበሰበ። አባቷ እጁን ታስሮ ፊት ለፊት ቆሟል። ሊቀመንበሩ ደብተሩን ከፍ አድርጎ፣ «ያጋለጠችው ጓድ ራሷ ታንብብልን» አለ።

እቴቴ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች። ጣቷን ከፊደል ፊደል እየጎተተች ማንበብ ጀመረች።

«ይኼ… ጦርነት… የድሃ ልጅ… መማገ…»

ቆመች። ጣቷን ከፊደሏ ላይ ሳታነሣ ቀና ብላ ልጅቷን በዓይኗ ፈለገቻት።

«ይቺ ማን ነበረች፣ የኔ ልጅ?»