ድምፁ የተዘጋ ዘፈን

ሰውየው ሻሸመኔ ወርዶ አጎቱን ቀብሮ ከተመለሰ ወዲህ ጢሙን አሳድጎ ቤት ተቀምጧል። እንቅልፍ የነሳው ግን ሐዘኑ ሳይሆን ቴሌቪዥኑ ነው። ሚስቱ አስካለ፣ በዚያው ሰሞን ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ከተካሄደው የክረምት የሙዚቃ ድግስ የወደደቻቸውን ዘፈኖች መርጣ ታያለች። ከሁሉም ደግሞ አንዱን ጎፈሬያም ዘፋኝ እየመለሰች፣ ፈገግ እያለች ታየዋለች። ከሠርጋቸው ወዲህ ለባሏ እንዲህ ያለ ፈገግታ ሰጥታው አታውቅም።

«በሐዘን ቤት ዘፈን!» አለ አንድ ቀን ምሳ ላይ፣ ቅናቱ አላስበላ ብሎት። «አጎቴ እኮ ነው የሞተው!»

«ለሱ ብዬ አይደል እንዴ ድምፁን የዘጋሁት?»

ይሄ ደግሞ ባሰ። ድምፁን ካልሰማች የምታየው መልኩን ነው ማለት ነው!

«ምኑ ነው እንዲህ ያማለለሽ? እስቲ አሳዪኝ!» ብሎ ሳህኑን ገፍቶ አጠገቧ ዘጭ አለ።

«እኔም መቼ ይሆን የሚጠይቀኝ እያልኩ ነበር፣ የኔ ጌታ» አለችና ምስሉን አቆመችው። ጣቷ ግን ዘፋኙን አልፎ ወረደ፤ ከመድረኩ ሥር ዓይኑን ጨፍኖ እስክስታ የሚወርድ አንድ ጎልማሳ ላይ አረፈ። ጎልማሳው ወገቡን ሸብ ያደረገበት ነጠላ፣ አስካለ ለቀብሩ ብላ አጥባ ባሏን ያለበሰችው ነው።

ሰውየው ጢሙን ይዳብስ ጀመር።

«እግዜር ያጽናህ» አለችው።