ወደ ሜዳው የምታስገባው በር

ሽማግሌው ጣቶቻቸውን በስታዲየሙ የሽቦ አጥር አሳልፈው «ልጄ፣ ስለ ፈጣሪ፣ ይቺን በር ክፈትልን፤ እየሞትን ነው» አሉት። ፖሊሱ ደጋፊው ሜዳ እንዳይገባ ትንሿን በር ይጠብቅ ነበር። «አባባ፣ እናንተ እኮ ጎል በገባባችሁ ቁጥር ትሞታላችሁ» አላቸው። አጠገቡ የቆመው ባልደረባው ሳቀ።

ሽማግሌው አልተቆጡም። ፊታቸው ሽቦው ላይ ተጣብቆ፣ ትንፋሻቸውን እየለቃቀሙ «እኔስ ልቅር፤ የቆምኩት ሰው ላይ ነው» አሉ። ከኋላቸው ሕዝቡ ይጮሃል፤ ለፖሊሱ ግን ጩኸቱ እንደ ሁልጊዜው የዳኛ ስድብ መሰለው። «እጅዎን ያንሱ!» ብሎ ሽቦውን በዱላው መታ። ጣቶቹ አልተነሱም። ደገመና ጣቶቹን ራሳቸውን መታ።

ያኔም አልተነሱም። ሽማግሌው ዓይናቸውን እንደገለጡ ቀጥ ብለው ቆመዋል፤ ያቆማቸው ግን ከኋላ የሚገፋው ሰው እንጂ እግራቸው አልነበረም። ፖሊሱ ዱላውን ጥሎ ከመቀርቀሪያው ጋር ሲታገል፣ ቅድም በዱላው ሲማታ ያዩት የማዶ ደጋፊዎች ብድግ ብለው «በለው! በለው!» እያሉ ያጨበጭቡለት ነበር።