ጥርሷ እንዲታይ

«አጥብቀሽ ያዣት» ይለኛል አጎቴ። ጎንበስ ብሎ ጉንጮቹን ይነፋና የሌሊት ወፏ ፊት ላይ እፍ ይልባታል።

ሚጢጢዋ ፍጡር ጓንቴ ውስጥ ትኮማተራለች። ዓይኗን ትጨፍናለች፣ ጆሮዎቿን ወደ ኋላ ታጥፋለች። ሲጋራና ከረሜላ የተደባለቀበት ትንፋሹ እኔም ጋ ይደርሳል፤ የምራቁ ፍንጣቂ ክንዴ ላይ ያርፋል። ንጋት ላይ ዋሻው አፍ ላይ መረብ ስንዘረጋ የሌሊት ወፎቹ ኩስ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ውጦኝ ነበር፤ በረሮው በሱሪዬ ሽቅብ ሲወጣ በእጄ እያራገፍኩ ሥራዬን ቀጠልኩ። እሱ አላስጠላኝም። ይሄ ግን አስጠላኝ።

«ምን እያደረግህ ነው ጋሼ?»

«ጥርሷን ታሳየን እንጂ። የምታንቀላፋ አይጥ ማን ማየት ይፈልጋል?»

እንደገና እፍ ይላል። አሁን አፏን በትንሹ ትከፍታለች፤ ፍላሹ ቦግ ይላል። በተከራየነው ክፍል ውስጥ ጥቁር ጨርቅ ወጥሮ የዋሻ ጨለማ ሠርቷል። ከጨርቁ ጀርባ ያለው ያልተነጠፈው አልጋው ነው፤ ካልሲው ትራሱ ላይ ተጥሏል።

አጎቴ ዓለምን የዞረ ሰው ነው። የሌሊት ወፍ ፍለጋ ያልገባበት ጫካ፣ ያልወረደበት ጉድጓድ የለም ይባላል፤ ቤተሰቡ ውስጥ በእሱ የማይምል የለም። ልጅ ሆኜ አልጋዬ ራስጌ የለጠፍኩት እሱ ያነሣውን ፎቶ ነበር፤ ጥርሷን ያገጠጠች፣ ሰው ልትበላ የደረሰች የሌሊት ወፍ። እናቴ «ይቺን ሰይጣን ከቤቴ አውጪልኝ» ብትለኝ እምቢ አልኩ። የሌሊት ወፏን ድፍረት ወደድኩላት። የእንስሳት ጥናት የተማርኩትም እሷን ብዬ ነው። ለካ ያቺም እንዲህ በሰው እጅ ተጨምቃ፣ እፍ ተብሎባት ኖሯል። የአጎቴ ጉንጮች ሲነፉ ሳይ መልኩን ራሱ ጠላሁት።

«ጡቷን እየው» እለዋለሁ። «ዙሪያው ፀጉሩ ተመልጧል። ታጠባለች። ልጇ ዋሻው ውስጥ ተንጠልጥሎ እየጠበቃት ነው።»

«አውቃለሁ» ይላል ዓይኑን ከካሜራው ሳያነሣ። «አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች አሉ። ይሄን እኮ አንቺ ሳትወለጂ ነው ያወቅኩት።»

ማወቁ ነው ይበልጥ ያንገሸገሸኝ። ባያውቅ ኖሮ ላስረዳው እችል ነበር።

«እንግዲያው ይብቃት። ልልቀቃት።»

ካሜራውን ዝቅ ያደርጋል። አይቆጣም። አጎቴ ሲቆጣ አይቼው አላውቅም፤ እንደ ሕፃን ያባብለኛል። «ስሚኝ የኔ ልጅ። በሚቀጥለው ወር ባሕር ማዶ ወዳለው ጫካ አብሮኝ የሚሄደው አንድ ሰው ብቻ ነው። ስንቱ ደጅ ሲጠናኝ የእህቴ ልጅ ትቅደም አልኩ። ሆድሽ ካልቻለ አሁን ንገሪኝ፣ አልቀየምሽም። ሌላ ሰው እፈልጋለሁ።»

እዚያ ጫካ ውስጥ ቅጠል አጥፈው እንደ ድንኳን የሚያድሩበት ነጫጭ የሌሊት ወፎች አሉ። የመመረቂያ ጽሑፌን የሠራሁት በእነሱ ላይ ነው። ያየኋቸው ግን ቤተ መዘክር መሳቢያ ውስጥ፣ ሆዳቸው ጥጥ ተወትፎበት፣ እግራቸው ላይ ቁጥር ታስሮ ነው። በሕይወት ያለ አንድ እንኳ አላየሁም። ከአጎቴ ሌላ ደግሞ እዚያ የሚያደርሰኝ የለም።

መስኮቱ ክፍት ነው። ጣቶቼን ላላ ባደርግ በዚያው ትወጣለች፤ ዋሻው ሩቅ አይደለም፣ መንገዱንም ከእኛ ይልቅ እሷ ታውቀዋለች። ልቧ መዳፌ ውስጥ ይርገበገባል። ጓንቱ ወፍራም ሆኖ እንኳ ይሰማኛል፤ ባይሰማኝ ደስ ባለኝ።

«ሆዴ ይችላል» እላለሁ።

«ጎሽ። እኔን ነው የወጣሽው።» ደስ ብሎታል። ከቦርሳው ትልቁን ሌንስ አውጥቶ ካሜራው ላይ ይገጥማል፣ ይስላል፣ ደረቱን ይደቃል። «ይሄኛው ሁለት እጅ ይፈልጋል፤ ትንፋሽም አጥሮኛል። አሁን እፍ የምትይው አንቺ ነሽ። ጠጋ ብለሽ፣ አፍንጫዋ ላይ።»

እንዳታመልጠኝ አጥብቄ እይዛታለሁ። አውራ ጣቴ ሥር፣ ጥቁሩ ጓንት ላይ፣ ነጭ ጠብታ ይወጣል። ወተቷ ነው። ስጨምቃት ነው የፈሰሰው። አጎቴ አላየውም።

ከንፈሬን አሞጥሙጬ ጎንበስ እላለሁ።