የእትዬ ውድነሽ በሶብላ

ፋናዬ አዲስ የገዛችው ቤት ጓሮ ባዶ ነው። ከአጥሩ ማዶ የእትዬ ውድነሽን ለምለም በሶብላ ባየች ቁጥር ቅናት ያንገበግባታል። መሬት ከደከመ ወዲህ ዘር የሚበቅለው ዘሪው የማሽተት ችሎታውን ለዘለዓለም ለአፈሩ ሲሰጥ ብቻ ነው። ዛሬ ልትሰጥ ቆርጣ፣ ልጇን አዝላ፣ ዘሩን ጨብጣ ወጣች።

እትዬ ውድነሽ በአጥሩ ላይ እቅፍ በሶብላ አቀበሏት።

«እስቲ አሽቺልኝ፣ ልጄ። ለበርበሬ ደርሷል?»

«ደርሷል፣ እትዬ። ሠፈሩን አውዶታል እኮ።»

«ለእኔ ገለባ ነው።» ዓይናቸው ያዘለችው ሕፃን ላይ ዐረፈ። «የእሱስ አናት፣ አሁንም ወተት ወተት ይሸታል?»

የቅናት ዓይን ነበር፤ ፋናዬ ከራሷ ታውቀዋለች። ልጇን አውርዳ አናቱን ደጋግማ አሸተተች። ከዚያም የጨበጠችውን ዘር በአጥሩ አሳልፋ ለእትዬ ውድነሽ ሰጠቻቸው።