ዋጋ የማይጠይቀው ገዢ

አቶ አድነው መኪናቸውን ለመሸጥ የተጣደፉት በጥልቅ ተሃድሶው ሰሞን ነው። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል፤ እሳቸው ሶዶ ውስጥ የአንድ መሥሪያ ቤት ግዥ ክፍል ኃላፊ ሆነው በኖሩባቸው ዓመታት ለቁጭት ያስቀሩት ነገር የለም። አሁን ግን ግምገማ መጣ፤ ግቢያቸው ውስጥ ደግሞ በደመወዛቸው የማትገዛ ሃይብሪድ መኪና ቆማለች።

መኪናዋ ከሦስት መቶ ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ሄዳለች። አንዳንዴ በነዳጅ፣ አንዳንዴ በባትሪ ትሠራለች። በባትሪ ስትሄድ ድምፅ የላትም፤ አቶ አድነው የወደዱላትም ይህንኑ ነበር። ጎረቤት ሳይሰማ መውጣትና መግባት ለሹም ትልቅ ጸጋ ነው። የተመዘገበችውም በእሳቸው ሳይሆን በልጃቸው በማኅሌት ስም ነው።

ገዢ ጠፋ። በሬ ሲገዛ ጥርሱን ከፍቶ፣ ጭራውን ስቦ የሚያይ አገር የማትጮህ መኪና ምኗን ይመርምር? የሚመጣው ሁሉ፣ "ሞታስ እንደሆነ በምን ይታወቃል?" እያለ ይመለሳል።

አንድ እሑድ ሚልክያስ መጣ። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ጫማው የተወለወለ ትሑት ወጣት ነው። ተበላ ከተማ መምህር ነኝ አለ።

"ጋሼ፣ ባትሪው ደህና ነው?"

"እንደ አዲስ ናት።"

"መኪናው በማን ስም ነው?"

አቶ አድነው አንገታቸውን አሻሹ። "በልጄ።"

"እንግዲያው እሷ ታሳየኝ። ባለቤቱ ባለበት ነው ጥሩ።"

ማኅሌት ነዳችለት። ወደ ዳሞታ ዳገት ወጥተው ቆይተው ተመለሱ።

"ዳገት ላይ እንዴት ናት?" አሉ አቶ አድነው።

"በጣም ጥሩ ነው። ግን በጸሎት ልያዘው።"

ለአሮጌ ባትሪ የሚጸልይ ሰው አይተው አያውቁም።

በሚቀጥለው እሑድም መጣ፤ ከዚያም በሚቀጥለው። የሞተሩን ክዳን ከፍቶ ዓይኑን ሌላ ቦታ ያንከራትታል። ጥያቄው ግን አያልቅም። ቤቱ መቼ ተሠራ? ልጆች ስንት ናቸው? አባትዎ ከየት ነው የመጡት? እርስዎ በቁጣ እንዴት ነዎት? ዋጋ ብቻ አይጠይቅም። አቶ አድነው ራሳቸው ዋጋ ጠሩ፤ ዝም ሲላቸው ቀነሱ፤ ዝም ሲላቸው በግማሽ አወረዱት። ልጁ ተሽኮርምሞ መሬት መሬት አየ።

"መምህር በየትኛው ደመወዙ ነው መኪና የሚገዛው?" አለች ባለቤታቸው ወይንሸት። "ይሄ ልጅ የሚፈልገው ሌላ ነገር ነው።"

አቶ አድነውም ይህንኑ ከጠረጠሩ ሰነባብተዋል። ከፀረ ሙስና የተላከ ነው! በእርግጥ ፈርተው ነበር፤ እስር ቤት ገብተው የወይንሸትን ምሳ ዕቃ ሲጠብቁ ታያቸው።

በመጨረሻው እሑድ ሚልክያስ በር ላይ ቆሞ እጁን አፍተለተለ።

"ጋሼ፣ ቅዳሜ ጠዋት እኔ አልመጣም፤ ሌሎች ሰዎች ናቸው የሚመጡት። እባክዎ ከቤት እንዳይወጡ።"

አቶ አድነው ሳምንቱን ሙሉ አሰቡ። መኪናዋን ቢደብቋት ይባስ ያስጠረጥራል። ቢሸሹስ የት? በመጨረሻ የዘመኑ መድኃኒት ትዝ አላቸው። በግምገማ ሰው ሳይከሰው ራሱን የሰደበ ይታዘንለታል፤ ሲያጠፋ የኖረው ሁሉ ግለ ሒስ አድርጎ፣ ተጨብጭቦለት፣ ወደ ወንበሩ ሲመለስ አይተዋል። ግምገማው ደግሞ ቅዳሜ ጠዋት ነው።

ቅዳሜ ሰዎቹ ሳይመጡ በማለዳ ወጡ። የስብሰባው አጀንዳ ሰዓት አለማክበር ነበር። ሰብሳቢው፣ "ግለ ሒስ ያለው?" ከማለቱ አቶ አድነው ብድግ አሉ።

የሲሚንቶውን ጨረታ ተናገሩ። የወንበሮቹን ግዥ ተናገሩ። ቤቱ በማን ገንዘብ እንደተሠራ፣ መኪናዋ ለምን በልጃቸው ስም እንደሆነች ተናገሩ። "ከኪራይ ሰብሳቢነት አመለካከት ራሴን አጽድቻለሁ!" ብለው ሲጨርሱ ጭብጨባ ጠበቁ።

ማንም አላጨበጨበም። አርፍዶ በመግባቱ ሊወቀስ የተዘጋጀው የመዝገብ ቤት ሠራተኛ እንኳ አፉን ከፍቶ ቀረ። ሰብሳቢው፣ "እኛ እንኳ ይህንን አላወቅንም ነበር" አለ፤ ከዚያ ወጥቶ ስልክ ደወለ።

ብዙም ሳይቆይ ሁለት ፖሊሶች መጥተው ግራና ቀኛቸውን ቆሙ። አቶ አድነው ግን ልባቸው ትንሽ ተረጋግቶ ነበር፤ እቤት የሚመጡትን ሰዎች ቀድመዋቸዋል። ስልካቸው ጮኸ። ወይንሸት ናት።

"አድነው፣ የት ነው የጠፋኸው? ያ መምህር ማኅሌትን ስጡኝ ብሎ ሦስት ሽማግሌ ልኳል፤ በር ላይ ቆመው አንተን እየጠበቁ ነው!"