ገና ያልወጣው አንባቢ

መድኃኒት ሻጯ አንድ ጫማዋን አውልቃ ከአባቷ ጎን ተቀመጠችና ስልኩን ስትነካው፣ የማታውቃት ሴት ድምፅ ከውስጡ የአጎቷን መልእክት ማንበብ ጀመረ። «ወንድም ጋሼ፣ ጉልበትህን ተሻለህ?...» አባቷ ምስጢር ያወጣ ሕፃን አፍ እንደሚይዝ ሰው ስልኩን በመዳፉ አፈነው።

ዓይኑ ከደከመ ወዲህ፣ ከሥራ ስትወጣ እየመጣች መልእክቶቹን የምታነብለት እሷ ነበረች። የስልኩ ኩባንያ ጽሑፍ የሚያነብ ፕሮግራም እንደሚያወጣ ካስነገረ ከርሟል። «ካስነገሩ ይመጣል» ስትለው፣ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ!» ይላት ነበር። ያልነገረችው ነገር ቢኖር፣ ባይመጣ ደስታዋ እንደነበር ነው። ቀኑን ሙሉ ቆማ ውላ እግሯ የሚያርፈው፣ እሷም እንደገና ልጅ የምትሆነው እዚህ ሶፋ ላይ ብቻ ነበር።

«አባዬ፣ ወጣ እንዴ?»

«ምኑ?»

«አሁን ያነበበው ነዋ!»

«እሱ ማስታወቂያው ነው» አላት ኮስተር ብሎ። «ዕቃው ገና አልወጣም። እነሱ እቴ፣ ወሬ ብቻ! በይ አንብቢልኝ።» ስልኩንም መልሶ ጭኗ ላይ አኖረላት።

ተመስገን አለች በሆዷ። የሴትየዋን ድምፅ ዘጋች፣ ሁለተኛ ጫማዋን አወለቀች፣ መልእክቱንም ከ«ወንድም ጋሼ» ጀምራ ማንበብ ያዘች። አጎቷ መጨረሻው ላይ ቀልድ ጽፎ ነበር። እሷ ቀልዱ ጋ ሳትደርስ አባቷ ሳቀ።